ምራቃችንን ተዉልን

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የሚዞር የአፍ መጉመጥመጫ ማስታወቂያ አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ብቅ ይልና «ምራቅ የባክቴሪያ ጎጆ ነው፤ በበላችሁ ቁጥር በዚህ አጥቡት» ይላል። ጋዋን ከተለበሰ ምን የማይባል ነገር አለ!

ባክቴሪያ አፍ ውስጥ መኖሩን ማን ካደ? ግን እሱን የሚቆጣጠረው እኮ ራሱ ምራቁ ነው። ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ነገር ይዟል። ሌባ ሰፈር ውስጥ ታየ ተብሎ ዘበኛው ይባረራል እንዴ?

ትልቁ ሥራው ደግሞ ሌላ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣችሁ እንበል። ባክቴሪያዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ወደ 5.5 ግድም ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርሱ ሽፋን ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ያኔ ምራቅ ይደርሳል፤ በባይካርቦኔቱ አሲዱን ያበርዳል፣ የተረፈውን ስኳር ጠርጎ ወደ ሆድ ይሰዳል፣ ካልሲየምና ፎስፌት መልሶ ጥርሱ ላይ ያስቀምጣል። ግን ጊዜ ስጡት! ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ሊፈጅበት ይችላል፤ እኛ ደግሞ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ሻይ፣ ከዚያ ከረሜላ፣ ከዚያ የለስላሳውን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ገትረን እስከ ማታ ፉት ፉት። አንዱን ሳይጨርስ ሌላ ይጫንበታል። ጥርሳችንን የሚቦረቡረው ይሄ ነው፣ ምራቅ አይደለም። ማስታወቂያው ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። «ፉት ማለቱን ተዉ» ቢል ማን ይገዛዋል?

የጥርስ ሐኪም ለድድ ሕመም ካዘዘው እሺ፣ ተጉመጥመጡ። ከዚያ ውጭ ግን፣ አልኮል ያለበት ከሆነ ጭራሽ አፍ ሊያደርቅ ይችላል።

ምራቅ ሲጠፋ የሚሆነውን ማየት የሚፈልግ፣ ለአንገት ካንሰር ጨረር ወስደው የምራቅ ዕጢያቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ይጠይቅ። ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላቸውም፤ ጥርሳቸው በወራት ውስጥ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ ሊበሰብስ ይችላል። እነሱ ያጡትን ነው እናንተ እጠቡት የምትሉን!

ለጤና ከታሰበ ስለ አፍ መድረቅ ይወራ። የአለርጂ፣ የድብርትና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ፤ ሐኪም ሊቀይራቸው ይችል ይሆናል። ጫት ቅሞ፣ በለስላሳ አወራርዶ፣ ጥርሱን ሳይቦርሽ የሚተኛውም አለላችሁ፤ እንቅልፍ ላይ ምራቅ ከነጭራሹ ሊቆም ምንም አይቀረው። ለደረቀ አፍ ውሃ መጎንጨትና ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ይረዳል። መፋቂያም ሲያኝኩት ምራቅ ያመጣል፣ ያውም ያለ ጋዋን።