በስልክ የታደሰ ቤት

አዳማ ውስጥ አንድ ወና ቤት የማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቱ። ካሜራ ደግኑበት፣ ያልቃል። ፍየል ሲያድርበት ዝም ያለው ሰፈር ሁሉ ነቅሎ ይወጣል። «ማንን አስፈቅደህ ነው?» ይላል ባጃጁን የሚያጥበው ልጅ። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው!» ትላለች ከማዶ ጀበና የጣደችው። ሁለቱን ከቤቱ ጋር የሚያገናኛቸው ጥላው ብቻ ነው።

ይህን ያየሁት ከጓደኛዬ ጋር ስዞር ነው። ሰው ሰርግና ምርቃት ያነሳል፤ እሱ ግን ምራቁን የሚውጠው የረገፈ ኖራ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጭቃው ወድቆ ማገሩ የታየ ግድግዳ ሲያይ ነው። እናቱ «ልጄ ቤት ሊገዛ ነው መሰለኝ፣ ሲያይ ነው የሚውለው» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። እኛም አናስተባብልም።

እንደ ማንኛውም ጀማሪ በድሮው ሐዲድ ነው የጀመረው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር መስመር አዳማን አልፎ ነው የሄደው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ የራሱን ሐዲድ ይዞ መጣ፣ አሮጌው ተረሳ። የአሮጌው ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ጓደኛዬ ሰፊ ቦታ የሚይዘውን ዋይድ ሌንሱን ገጥሞ መሬት ላይ በደረቱ ሲተኛ ግን የድሮው ሐዲድ ከአዲስ አበባ አዳማው ፈጣን መንገድ ሰፍቶ ቁጭ ይላል። ሌንሱ ቅርብ ያለውን ያሳብጣል፣ ሩቁን ያኮስሳል። ዘመድም እንደዚያው ነው።

ቤት ሲያነሳ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ካንጋጠጠው ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ስለዚህ ማታ ስልኩ ላይ «ፐርስፔክቲቭ» የምትለዋን ነክቶ የላይኛውን ጫፍ ይለጥጠዋል። ግድግዳው ቀጥ ይላል። እኛ የምናወራለት ቤት ግን ካሜራም ሳይመጣ የዘመመ ነበር። እሱንም አቀናው! አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ቤት ተስቦ ተስቦ ኤምባሲ አከለ። ማቅናት ደግሞ ዳርና ዳሩን ያስቆርጣል፤ ባለ ጀበናዋ ከነረከቦቷ ወጥታ እጇና አንድ ሲኒ ብቻ ቀሩ።

ቀጥሎ ቀለም። ቡናማ ማለት የጨለመ ብርቱካናማ ነው፤ ጭቃ ግድግዳም የኛ ቆዳም ለስልኩ ያው ናቸው። ጓደኛዬ ብርቱካናማውን ወደ ቢጫ ሲገፋው ግድግዳው ወርቅ መሰለ። ሰማያዊው በር በሌላ በኩል ተገፍቶ የላንጋኖ ሳይሆን የማልዲቭስ ውሃ ሆነ። በሩ ላይ የተቀመጡት ዘበኛ ግን አብረው ቢጫ ሆኑ። በማግስቱ ፎቶውን ስናሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ልጄ፣ የወፍ በሽታ የያዘኝ አስመሰልከኝ እኮ!»

«አባባ፣ ቀለሙ ነው እንጂ እርስዎ ደህና ነዎት።»

«ነው? እንግዲያው ግድግዳውን እንዳቀናኸው ወገቤንም አቅናልኛ።»

እሳቸውን ነጥሎ ወደ ቀለማቸው መለሳቸው። ወገቡ ግን ሳይቀና ፎቶው ተለቀቀ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱ የውርስ ክርክር ያለበት ነው። ወራሾቹ ጣሪያው ሲያፈስ ተያይተው አያውቁም። ፎቶውን ባዩ ዕለት ማታ ግን ስልክ ሲደዋወሉ አደሩ። አሜሪካ ያለችው እህት «ማን አሳደሰው? ሳልጠየቅ!» ብላ አለቀሰች። አዲስ አበባ ያለው «ተከራይ ገብቶበታል፣ ኪራዩን አንዱ እየበላው ነው» አለ። ደላላ ደግሞ ፎቶውን አውርዶ «ቅንጡ፣ ወዲያው የሚገባበት» ብሎ ለጥፎታል። ሊያይ የመጣ ገዢ በሩ ላይ ቆሞ ቤቱ የት እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቋል። ቆሞበት!

ከሁሉም ያስገረመኝ ታላቅየው ነው። አዳማ ውስጥ እየኖረ ቤቱን ረግጦት አያውቅም። እሱ ሽማግሌ ሰብስቦ «ያደስኩት እኔ ነኝ፤ የቀለሙና የአናጢው ወጪ ከውርሱ ላይ ይታሰብልኝ» አለ። ማስረጃ ሲባል ፎቶውን አወጣ። ጓደኛዬ እዚያው ነበር። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልገባኝም፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ የዋዛ አይደሉም። «ቦታው ድረስ ሄደን እንይ» ብለው በባጃጅ ወጡ። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትናል፣ አንድ የላላ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ያጨበጭባል። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ የታላቅየውን ስልክ ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ከግድግዳው ጎን ያዙት። አንዴ ቤቱን፣ አንዴ ስልኩን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ለመናገር የስልኩ ይሻላል» አሉ። «እሱን ተካፈሉ።»

ጓደኛዬም ታዘዘ። ፎቶው በቴሌግራም ለወራሾቹ ሁሉ እኩል ደርሷቸዋል። አሜሪካ ያለችው ብቻ የኔው ደብዛዛ ነው ብላ ይግባኝ ጠይቃለች።