የበርሜሉ ዋጋ ቢወርድም እኛ ጋ አይደርስም

ስለ ኦፔክ፣ ማለትም ስለ ነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር፣ ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ «የኦፔክ ዘመን አብቅቷል፣ ነዳጅ ከእንግዲህ ይረክሳል» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1960 ባግዳድ ላይ በአምስት አገሮች ከተመሠረተ ወዲህ ስንቴ አበቃለት ተብሏል! እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ምርት አልቀንስም አለ። ከዚያ ዓመት አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። ያኔም ሞተ ተባለ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ሩሲያንና ሌሎችን ይዞ ምርት ለመቀነስ መጣ። በኮሮና ጊዜማ፣ በ2020፣ በቀን ወደ 10 ሚሊዮን በርሜል የሚጠጋ ምርት ለመቀነስ ተስማሙ። ይህን የሚያደርግ ሌላ ማን አለ?

እርግጥ ኳታርም አንጎላም ወጥተዋል። ከድንጋይ ንጣፍ ውስጥ የሚወጣው የአሜሪካ ሼል ዘይትም የማኅበሩን ጉልበት ቀንሶታል። የተመደበለትን የምርት መጠን (ኮታ) የሚጥስ አባልም አይጠፋም። ቢሆንም ሳውዲ ምርቷን እንዳሻት መጨመርና መቀነስ እስከቻለች ድረስ ገበያው እሷን ማየቱ አይቀርም ባይ ነኝ።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነካው የእኛን ጉዳይ ነው። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ሒሳብ አለ። ወንድሜ ቆቦ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣው በናፍጣ ፓምፕ ነው። ናፍጣ ሲጨምር የማጠጫውን ቀን ያራርቃል፤ ሽንኩርቱም ሳይሞላ ይቀራል። እሱን «ዋጋው ይወርዳል፣ ጠብቅ» ማለት ይከብደኛል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ስለ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።