ቀጠሮ የሚያከብር ንፋስ

ሜልቦርን ውስጥ ንፋስ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ማታ ስልኬ ጮኸ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አደገኛ ንፋስ አለ፣ ግቢ ውስጥ ያለ ዕቃ እሰሩ፣ መኪና ዛፍ ሥር አታቁሙ ይላል። ሁለት ቀን አስቀድሞ! ጓደኞቼ እንኳ እንዲህ ነግረውኝ መጥተው አያውቁም።

የአውስትራሊያ ክረምት ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ከኛ ክረምት ጋር ገጠመ ማለት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ክረምት ሲሉ አገር ቤት በጋ ነው፤ እኔና እማዬ ግን እኩል ይበርደናል። የሷ ዝናቡ ይብሳል፣ የኔ ንፋሱ።

ሐሙስ ጠዋት ከሰሜን የሚነፍሰው ለክረምት ሞቅ ያለ ነበር። ያታልላል። ጃኬቴን ትቼ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ንፋሱ ድንገት አቅጣጫ ቀየረና ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። እዚህ "ፍሮንት" የሚሉት ይሄንን ነው። ከደቡብ ውቅያኖስ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሞቃቱ ሥር እንደ ሽብልቅ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የሜትዮሮሎጂ ቢሮው ሽውታው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ብሎ ሲገምት ያስጠነቅቃል። ከ125 ካለፈ "አውዳሚ" ይለዋል።

የኛ መለኪያ ሌላ ነው። እኛ የምንፈራው በታክሲ መስኮት ጣት በምታክል ክፍተት የምትገባዋን ንፋስ ነው። አሥራ ስድስት ሰው ተፋፍጎ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዱ መስኮት ሲከፍት "ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል!" ይባላል። ጣራ የሚገነጥለው ሲመጣ ደግሞ "የእግዜር ቁጣ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ማታ ከጓሮ አንድ ነገር ጓ! አለ። በባትሪ ሳይ የልጆች መዝለያ ትራምፖሊን አጥሬ ላይ ተንጋሏል። የኔ አይደለም። በመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ ተገንድሶ የቆመ መኪና ላይ ተኝቷል። እሱን ሳይ ትንሽ ሳቄ መጣ፤ የመኪናው ባለቤት ይቅር ይበለኝ። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር ሲባል፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚህ አገር ሄዶ ያዳነን ይሄው ዛፍ ነው። እኛ ገና ቀጭን እያለ ቆርጠን ቋሚና ወራጅ ስለምናደርገው ነው መሰል፣ ሽማግሌ ባህር ዛፍ እንዲህ እንደሚከፋ አላውቅም ነበር። በ2021 ጁን ላይ ከሜልቦርን ወጣ ብሎ ባሉት የዳንደኖንግ ተራሮች አካባቢ በማዕበል የወደቁት ዛፎች የመብራት መስመሩን በጣጥሰውት አንዳንዱ ቤት ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ከርሟል። መብራት መጥፋት የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ አራት ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡ። የአደጋ ጊዜ አገልግሎቱ ሰዎች ናቸው። በ132 500 ይጠራሉ። አንዷን ስንት ይከፍሏችኋል አልኳት። "ምንም" አለች። አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሷ ቀን አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ትገባለች። ፈረንጅ ጎረቤቱን አያውቅም እያልኩ ስንት ዓመት ሳወራ የኖርኩ ሰውዬ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ደቦ አየሁ። የትራምፖሊኑን ባለቤትም በዚያው ሌሊት ተዋወቅኩት። አራት ዓመት አጥር ተጋርተን ስሙን አላውቅም ነበር። እንግዲህ አላዋቂው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አገር ቤት ለምን አስቀድሞ አይነገረንም የሚል ሐሜት ዲያስፖራው አፍ ላይ አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ፍርዱ ትንሽ ይዛባል። ፍሮንት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ነገር ነው፤ ገና ውቅያኖስ ላይ እያለ ይታያል። የኛ ጣራ ገንጣይ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ከተቆለለ የነጎድጓድ ደመና ነው። ደመናው ቀዝቃዛ አየሩን ወደ ታች ይዘረግፍና አንዱን ሰፈር ገለባብጦ ቀጣዩን ሳይነካ ያልፋል። እሱን ከሁለት ቀን በፊት ቦታና ሰዓት ቆርጦ መናገር የትም አገር ከባድ ነው።

ለሚስማሩ ግን ምክንያት የለንም። ቆርቆሮ ስናለብስ ሚስማር እንቆጥባለን፣ ወራጁን ከግድግዳው ጋር አጥብቀን አናስርም፣ ከዚያ ድንጋይ እንጭንበታለን። ንፋሱ ሲጠነክር ቆርቆሮውም ድንጋዩም አብረው ይሄዳሉ። የእማዬ ቤት ላይ ስድስት ድንጋይ አለ፤ ልጅ ሆኜ ሁለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ዕለት ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ብር እልካለሁ፣ አናጺ ጥራ፣ የቆርቆሮ ሚስማር ደህና አድርጎ ይምታበት፣ ወራጁን በሽቦ ይሰር፣ ድንጋዩን አውርዱት አልኩት።

"እሺ" አለ። ትንሽ ዝም አለና "ሚስማሩን እናስመታለን። ድንጋዩን ግን እማዬ አታስነካም" አለኝ።