የኔታ እንኳ በሽምደዳ አላመኑም

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ የማባዣ ሰንጠረዡን እስከ 12 በቃላቸው ይዘው ወሩ መጨረሻ ላይ ይወዳደራሉ። ሽልማትም አለ። ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ነበረች፦ በጊዜ እጥረት ምክንያት የቁጥር ጥለት ትምህርት ለጊዜው ይታለፋል።

የጊዜ እጥረት! ለዝማሬው ጊዜ ተገኘ፣ ለማሰቡ ጠፋ። ጥለት ሲባል የቀሚስ ጫፍ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ መሰለኝ፤ ቁጥርም እየተደጋገመ የሚሄድ ሥርዓት አለው እኮ።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። መምህሯ ሳይመልሱ አንድ አባት ከኋላ ተነሡ። «እኛም በሽምደዳ ነው የተማርነው፤ ምን ሆንን?» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ምን ሆንን? ልንገራችሁ። ከስብሰባው ወጥተን እኚያው አባት ያሉበት አምስት ሰው ማኪያቶ ጠጣን። ሒሳቡ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ይኸው፣ ይህን ሆንን። 7 በ8 ስንት ነው ሲሉን ከ7 በ1 ጀምረን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ የምንወጣ ሰዎች ሆንን። መሃል ላይ ያቋረጠን ካለ ደግሞ እንደገና ከሥር።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ነገሩን ወደ ባህል ወሰዱት። የኔታም ያስተማሩን በቃል ነው አሉ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ።

እኚህ ሰው የፊደል ገበታ አይተው ያውቃሉ? 33 ረድፍ፣ 7 ዓምድ፣ 231 ፊደል። ይህን ሁሉ ምልክት አንድ በአንድ የሸመደደ ልጅ የትም የለም። ለ ወደ ሉ ስትሄድ ወገቧ ላይ ቅጥያ ታወጣለች። በም ቡ ስትሆን እንደዚያው፣ ሰም ሱ፣ ከም ኩ። ኃምስ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እግራቸው ሥር ቀለበት ያስራሉ፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ሦስት አራት ረድፍ ያየ ልጅ ቀጣዩን ራሱ ይገምታል። ይህ ጥለት ካልሆነ ጥለት ምንድነው? እርግጥ ሳድስ አመለኛ ነው። ል፣ ብ እና ስ አይመሳሰሉም። እሱን መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

የኔታ እዚያም ላይ አላቆሙም። ልጁ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ሲያወርደው ፊደሉን ይወቀው ዜማውን ይወቀው እንደማይለይ ገብቷቸዋል። ስለዚህ አቡጊዳ አለ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከቤተሰቡ ተነጥሎ ከባዳ ጋር ይቀመጣል። ዜማው ይሰበራል፤ ሸምዳጁ እዚያው ይጋለጣል። የሸምዳጅ ማጋለጫ የነበራቸውን ሰዎች የሽምደዳ ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ማባዣው። ከደብተር ጀርባ የሚታተመውን 10 በ10 ሰንጠረዥ ውሰዱ። 100 ሳጥን አለው፤ ለትንሽ ልጅ ያስፈራል። የእንቁላል ትሪ አምጡና አዙራችሁ አሳዩት። 5 በ6 ቢቆጠር፣ 6 በ5 ቢቆጠር ያው 30 እንቁላል ነው። ይህ ሲገባው ከ100ው 55 ብቻ ይቀራል። በ1 እና በ10 ማንም አይቸገርም። የ2 ቁጥሩን ከራሱ ጋር መደመር ነው። የ4 የ2ን መልስ እንደገና ከራሱ ጋር መደመር። የ5 መጨረሻው ወይ 0 ወይ 5 ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ማንበብ የጀመረ ልጅ ያውቀዋል። የ9 ደግሞ ጨዋታ ነው። 18፣ 27፣ 36፤ የፊተኛው በአንድ ሲያድግ የኋለኛው በአንድ ያንሳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 9።

የቀረውን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 10 ነው። አስር! 7 በ8 ከነዚህ አንዱ ነው። እሱ የሰንጠረዡ ሳድስ ነው፣ በቃል ይያዝ፣ አልቃወምም። ግን ለ10 ነገር ብለን ልጆቹን 100 ነገር እናዘምራቸዋለን። እስከ 12 ሲሆን ደግሞ 144።

ለመሆኑ ይህ 12 ከየት መጣ? የእንግሊዝ ሽልንግ 12 ፔንስ ስለነበረ? እነሱ ራሳቸው እኮ እ.ኤ.አ. በ1971 ትተውታል። የእኛ ብር 100 ሳንቲም ነው።

ትምህርት ቤቱ ተማሪ ይበዛብናል ብሎም ያመካኛል። ይህን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ብሰማ አፌን እይዛለሁ። በየዓመቱ ክፍያ የሚጨምር ትምህርት ቤት ሲለው ግን አልሰማም። የእንቁላል ትሪ ስንት ብር ነው?

ትናንት ማታ እራት ላይ ልጄን 9 በ7 አልኳት። አሥር ጣቷን ዘረጋች። ከግራ ቆጥራ ሰባተኛውን አጠፈች። በግራ በኩል ስድስት ጣት፣ በቀኝ ሦስት። «63!» አለች፣ ዓይኗ እያበራ። ወዲያው ግን እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«እማዬ፣ ውድድሩ ላይ ጣት ማጠፍ ክልክል ነው ተብሏል።»