ፎር ዊል ቢሆንም ሰንሰለት ያዙ

«በዊንተር ከሎስ አንጀለስ ሳን ፍራንሲስኮ ስትሄዱ ዮሰሚቲ ፓርክ ጎራ በሉ፤ ፎር ዊል ካላችሁ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የሚታሰር የጎማ ሰንሰለት አያስፈልግም» ላልከው ወንድሜ፦ ጉዞው ግሩም ነው፣ የሰንሰለቱ ነገር ግን ስህተት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ፓርኩ ውስጥ የሰንሰለት ግዴታ ሲጣል ፎር ዊልም ሰንሰለት መያዝ አለበት። የበረዶ ጎማ ካለው ላያስረው ይችላል፤ «አር 3» የሚል ምልክት ከወጣ ግን ለማንም አይቀርም። ፎር ዊል ለመነሳት ይረዳል እንጂ በረዶ ላይ ፍሬን አይሆንም። ሰንሰለቱን ከቤት ሳትወጡ አንዴ አስራችሁ ሞክሩት። ጣት ደንዝዞ፣ በስልክ መብራት፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ መማር አበሳ ነው (ከራሴ አውቀዋለሁ)። ደግሞ ፓርኩን በሚያቋርጠው በታዮጋ የተራራ መንገድ አድርጌ ዴዝ ቫሊ በረሃ እወርዳለሁ የሚል ካለ፣ 3,031 ሜትር ላይ ያለው ያ መተላለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር እስከ ግንቦት ዝግ ነው።