አሸናፊ ከበደ የሙዚቃ ምሁርም የሙዚቃ ደራሲም ነበር

ስለ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የጻፋችሁትን አነበብኩ፤ እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ማስተማሩና ምርምሩ ሙዚቃ የሚደርስበትን ጊዜ በላበት ብላችኋል።

የጊዜው ነገር እውነት ነው። እኔም ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ እደርሳለሁም። ፈተና ሳርም ውዬ ማታ ፒያኖው ጋ ስቀመጥ ጆሮዬ ይደክማል። ዜማ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

አሸናፊ ጋ ግን ቅኝት (የዜማችንን የድምፅ አደራደር) የሚያጠናው ሰውና ሙዚቃ የሚደርሰው ሰው አንድ ነበሩ። «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰቱን እስቲ ስሙት። የተጻፈው ለፍሉት (ለምዕራባውያኑ ዋሽንት) እና ለኦርኬስትራ ነው። ፍሉቱ ግን የዋሽንትን መንገድ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ለመጻፍ ዋሽንት ነፊው የት እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚያስረዝም፣ የቱን እንደሚያንቀጠቅጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጭ ብሎ በማዳመጥ፣ በመጠየቅና በኖታ በማስፈር የሚመጣ እውቀት ነው። ታዲያ ምርምሩ ድርሰቱን በላው ይባላል? እንዲያውም መገበው እንጂ!

አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌዝሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በኋላም ፍሎሪዳ አስተማረ። ቢሮና ስብሰባ ስንቱን ዜማ እንዳስቀረበት እሱ ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያርፍ ገና 60 ዓመቱ ነበር። በጣም ያሳዝነኛል።

እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ስለ ድርሰቶቹ በዝርዝር ጻፉልን። ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ከቫዮሊን ጋር ስላዋሃደበት ሥራ ተማሪዎቼ ቢያነቡ ደስ ይለኛል።