ብዕርህ አይንጠፍ!

የአዲስ አበባ አንባቢ ሲታማ ደስ አይለኝም። አያነብም ይሉታል። ሐሰት ነው፣ ያነባል። አይከፍልም እንጂ። እሱም ቢሆን ስስት እንዳይመስላችሁ፤ ለጸሐፊው አስቦ ነው። ገንዘብ ጸሐፊን ያበላሻላ!

ልማዱ የዛሬ አይደለም። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን ከፈላ በኋላ፣ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ ወግ ነበር። አንባቢው ለአዟሪው ሳንቲም ይሰጥና ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ይላል። ከፊት ገጽ እስከ ስፖርት ይጨርሳል። እንደነበረ አጣጥፎ ይመልሳል። አንዷ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትውላለች። ኪራዩ የአዟሪው ነው፤ አሳታሚው የሚያገኘው የአንዷን ቅጂ ዋጋ ብቻ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ጀምሮ ሲያትም፣ “ብዙ ሰው ቁጢጥ ብሎ አንብቦታል” ተብሎ ሂሳብ የቀነሰለት አሳታሚ ግን አልሰማሁም። ጋዜጣውን ሳይከራከር በኪሎ የሚገዛው ቆሎ ሻጩ ነበር። እሱ ደግሞ አያነበውም።

ከዚያ ንባቡ ስልክ ውስጥ ገባ። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር መጣ። የሚነበብበትም የሚከፈልበትም ስልክ አንድ ሆነ። ሰበብ አለቀ ብለን ሰጋን። አንባቢያችን ግን አላሳፈረንም።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ በሉና እዩት። ጽሑፉን ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። “ይሄ ልጅ እኮ አንጀቴን አራሰው!” ይላል። መጨረሻ ላይ “አቅማችሁ በፈቀደ ደግፉኝ” የምትል መስመር አለች። እዚያ ሲደርስ አውራ ጣቱ ይፈጥናል። ወዲያው የማኪያቶው ሂሳብ ይመጣል። የሚያኮራው እዚህ ላይ ነው! ብድግ ብሎ አስተናጋጇ ፊት ይቆማል። የጓደኛውን ብር አጣጥፎ መልሶ ጓደኛው ኪስ ይከትታል። “እኔ ልሙት! ዛሬ የምከፍለው እኔ ነኝ!” ለሁሉም ከፍሎ፣ ቲፕ ጨምሮ ይወጣል። ጸሐፊውንም አይረሳውም፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ “ብዕርህ አይንጠፍ” ብሎ ይልክለታል።

በመርህ ጉዳይማ አይደራደርም። ጸሐፊው የባንክ ማስታወቂያ ካስገባ “ተሸጠ”። ባለሀብት ከደገፈው “አፉን አስያዙት”። ከውጭ ድርጅት ካገኘ “ተላላኪ”። ሁሉንም ትቶ ፊቱን ወደ አንባቢው ሲያዞር “ይሄም ልመና ጀመረ?” ይባላል። የሚፈለገው ከመንግሥትም፣ ከነጋዴም፣ ከፈረንጅም፣ ከምሳም ገለልተኛ የሆነ ጸሐፊ ነው። ይህን ታላቅ መርህ ገና ያልተረዱት የቤት አከራዮች ብቻ ናቸው።

“ሐበሻ ለጥበብ ገንዘብ አያወጣም” የሚሉም አሉ። ስም ማጥፋት ነው! አዝማሪ ቤት ግቡ። ብሩ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ታያላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አዝማሪው ስምህን ጠርቶ ያሞግስሃል (ወጋ ቢያደርግህም በዜማ ነው)። ጸሐፊው ግን የመሥሪያ ቤትህን ጉድ ይነግርሃል። ለእሱ ግንባር ላይ ምን ይለጠፋል?

ደግሞ የሚከፍል ጠፋ እንዳይባል። ለአንድ ጸሐፊ ወዳጄ በቅርቡ 50 ብር ገባለት። ብሩን መልእክት ተከተለው። “የሚቀጥለው ጽሑፍህ ስለ ኮንዶሚኒየም ይሁን። ደግሞ አታስረዝመው። ባለፈው ግን፣ እንደ ደጋፊህ፣ ቅር ብሎኛል።” በሳምንቱ ሰውዬው ደወለ።

“ለመሆኑ ያቺ ብር ምን ላይ ዋለች?”

“ታክሲ ተሳፈርኩባት።”

“እንዴ! እኔ ለጽሑፍ እንጂ ለታክሲ መች ሰጠሁ?”